የእማዬን እግር ላጠቡት ጎረቤቴ፣ ለሁላችሁም መልካም ትንሣኤ

እንኳን ለ2018 ዓ.ም. የትንሣኤ በዓል በሰላም አደረሳችሁ፣ ወዳጆቼ! ጾሙን አብሮ ያስፈታን ጌታ ይመስገን። ከጅማ ነው የምጽፍላችሁ። ዶሮው ደርሷል፣ ልጆቹ ከሌሊት ጀምሮ ይንጫጫሉ። እማዬ ግን የለችም። አርባዋ እንኳ ገና አልደረሰም።

ስለዚህ ዘንድሮ ከምኞቱ በፊት ምስጋናው ይቅደም።

እማዬ አልጋ ከያዘች በኋላ እግሯ ያብጥ ነበር። እኔ ሥራ እውላለሁ። ጎረቤታችን ለብ ያለ ውኃ ይዘው ይመጡና እግሯን አጥበው፣ ቅባት ቀብተው፣ የሰፈሩን ወሬ አጫውተዋት ይሄዳሉ። ስማቸውን ብጠራ ይቆጡኛል። ሙስሊም ናቸው። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ነው የገቡት፣ እሳቸው ጠብታ ውኃ ሳይቀምሱ ውለው ነው የእናቴን እግር ሲያጥቡ የነበረው።

ጸሎተ ሐሙስ ዕለት አባቶች የምእመናኑን እግር ሲያጥቡ ሳይ እንባዬን መያዝ አቃተኝ። ያን ማታ ጌታ ራሱ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ ጎንበስ አለ፣ ዮሐንስ 13 ላይ አለላችሁ። ጴጥሮስ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ግን ይሁዳ ነው። ጌታ አሳልፎ እንደሚሰጠው ያውቃል፣ ይሁዳ ደግሞ ተነሥቶ የወጣው ከእጥበቱ በኋላ ነው። የእሱም እግር ታጥቧል ማለት ነው! ከዚያ ነው እኔ እንዳደረግሁላችሁ እናንተም አድርጉ ያለን። የማንን እግር አጥበን የማንን እንደምንተው ምርጫ አልሰጠንም።

በፌስቡክ የሰው እምነት የምትሰድቡ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እባካችሁ በዚህ ቀን እንኳ ተዉ። በክርስቶስ ስም አትስደቡልን። ባልንጀራዬ ማን ነው ብሎ ጌታን ለጠየቀው ሕግ ዐዋቂ የተነገረው ስለ ሳምራዊ ነው፣ አይሁድ ስለማይተባበሩት ሰው። ወንበዴዎች ደብድበው መንገድ ላይ የጣሉትን ሰው ካህኑም ሌዋዊውም አይተው አልፈዋል፣ ያነሣው ሳምራዊው ነው። ይሄን ታሪክ ስናነብ ራሳችንን የምናገኘው ሁልጊዜ በሳምራዊው ቦታ ነው። ዘንድሮ መንገድ ላይ የወደቀው ሰው እኔ ነበርኩ፣ ያነሡኝም እነማን እንደሆኑ አውቃለሁ።

በዚያ ዝናብ ሌሊት ሆስፒታል አድርሰኸን ሒሳብ አልቀበልም ያልከው የባጃጅ ሹፌር፣ ስምህን እንኳ ሳልጠይቅህ ሄድክ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእድራችን እናቶች፣ ድንኳኑ እስኪፈርስ ከእኔ ያልተለያችሁ፣ ዕድሜ ይስጣችሁ። ከአዲስ አበባ ድረስ መጥታችሁ ያስተዛዘናችሁኝ ጓደኞቼ፣ ያኔ መናገር አቅቶኝ ነው እንጂ አልረሳኋችሁም።

ዛሬ ከሰዓት እማዬ በነበረችበት ክፍል ቡና ይፈላል። ለጎረቤታችን የሚሆነውን ዶሮ ልጃቸው አርዶልናል፣ በሌላ ድስት ለብቻው ተሠርቷል። ጅማ ሆናችሁ በዓሉን ብቻችሁን የምትውሉ፣ በተለይ ቤተሰብ ርቋችሁ ግቢ የቀራችሁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ኑ። ክርስቲያን ሁኑ ሙስሊም፣ የምትበሉት አይጠፋም።

መልካም ፋሲካ!