ስምንት በዛብኝ፦ ሲኩዌንሰሬን ችክችካ ያስተማርኩበት አራት ወር

ባለፈው ቃል በገባሁት መሠረት በእጄ የምገጣጥመው ሲኩዌንሰር የደረሰበትን ልንገራችሁ። ይሠራል። ይህን ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ ስድስት መብራቶች ተራ በተራ ብልጭ ድርግም እያሉ ነው። እዚህ ለመድረስ አራት ወር ፈጀብኝ። ከአራቱ ሁለቱን ያባከንኩት በገዛ እጄ ነው።

ለአዲሶች ባጭሩ፦ ሲኩዌንሰር ራሱ ድምፅ አያወጣም። ድምፁን የሚፈጥረውን ሲንተሳይዘር «አሁን ይህን ኖታ፣ ቀጥሎ ያንን» እያለ በቮልቴጅ የሚያዝ ዕቃ ነው። የኔው ሲመጣ ባለ ስምንት ደረጃ ነበር። 555 የምትባለዋ አይሲ (ባለ ብዙ እግር ትንሽ ቺፕ) ምቱን ትመታለች። 4017 ደግሞ ትቆጥራለች። እያንዳንዱ ቁጥር የራሱ ቮልዩም (የሚዞር መቆጣጠሪያ) አለው፤ ቮልዩሙን ስታዞሩት የዚያ ደረጃ ኖታ ይወጣል፣ ይወርዳል። በቃ ይኸው ነው። 555 እ.ኤ.አ. በ1972 ገበያ የወጣች አሮጊት ናት፤ ዛሬም ግን የጥገና ቤት መሳቢያ ከከፈታችሁ አትጠፋም።

ባዶውን ቦርድና የፊት ፓኔሉን የአክስቴ ልጅ ከውጭ ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። ሙሉ ዕቃ ያለው ኪት ዋጋው ሌላ ስለሆነ «የቀረውን እዚሁ እለቅመዋለሁ» ብዬ ነበር። መልቀሙንስ ለቀምኩት። እንዳሰብኩት በአንድ ቅዳሜ የሚያልቅ ግን አልሆነም።

መጀመሪያ ፒያሳ ወጣሁ፤ ልጅ ሆነን ሬዲዮ የምናስጠግንበትን ቤት ፍለጋ። በ2016 ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ቤቱም አብሮ ሄዷል። እዚያው ቆሜ ግራ ስጋባ ያየኝ ሊስትሮ «ጠጋኞቹን ከፈለግክ መርካቶ ውረድ» አለኝ። ወረድኩ።

መርካቶ ውስጥ ያገኘኋቸው ሽማግሌ ሱቃቸው ከቁም ሳጥን አይበልጥም። ግድግዳው ሁሉ ትንንሽ መሳቢያ ነው።

«ጋሼ፣ ሬዚስተር ነበር የፈለግኩት።»

«ስንት ኪሎ?»

ኪሎ ኦም ማለታቸው ነው። «አራት ነጥብ ሰባት ኪሎ፣ አሥር ፍሬ» አልኳቸው። አጠገቤ ኬብል የሚገዛ ሰውዬ ሳቀ። «ከአራት ኪሎ ወጥተህ አምስት ኪሎ ሳትደርስ ማለት ነው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ የዚያን ሬዚስተር መጠንና የቀለም ምልክት አልረሳውም፤ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ቀይ፣ አምስት ኪሎ ሊደርስ ሲል።

ጋሼ ዝርዝሬን ተቀብለው አነበቡና ቀና አሉ። «4017? ሩጫ መብራት ልትሠራ ነው እንዴ፣ የኔ ልጅ?»

«ሙዚቃ ነው።»

«በዚህ?»

አልፈረድኩባቸውም። ይህቺ አይሲ እዚህ አገር የምትታወቀው የሱቅ ማስታወቂያ ላይ መብራት በማስሮጥ ነው፤ ሥራውም ያው መቁጠር ነው። እሳቸው ጋ አልቃ ስለነበር በመጨረሻ ያገኘኋት በቴሌግራም ነው። አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ የሚማር ልጅ ፕሮጀክቱን አስረክቦ የተረፈውን እየሸጠ ነበር። ግቢው በር ላይ ተገናኝተን ሁለት ፍሬ ወሰድኩ። አንዷ መጠባበቂያ ናት። ሁሌም ሁለት ግዙ።

ስለ ቮልዩም ግን ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ፤ ገንዘቤ የቀለጠው እዚያ ላይ ነው። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ምናለሽ ተራ ሄጄ ከተቃጠሉ አምፕሊፋየሮች የተነቀሉ ስምንት ቮልዩሞች በርካሽ ገዛሁ። 100 ኪሎ መሆናቸውን በቴስተር አረጋግጫለሁ። ቦርዱ ላይ በይጄ ሳዞራቸው ግማሹን መንገድ ምንም ለውጥ የለም፣ ከዚያ በኋላ ድምፁ ሽቅብ ይተኮሳል። ለካ ጀርባቸው ላይ «ኤ» የሚል ፊደል ነበረባቸው። «ኤ» የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ ነው፤ ለጆሮ እንዲመች ተብሎ መጀመሪያ ቀስ፣ መጨረሻ ላይ ፈጠን እንዲል የተሠራ። ለኛ ሥራ «ቢ» የሚለው ነው የሚሆነው፤ እሱ እኩል በእኩል ይሄዳል። ስምንቱንም ነቅዬ አዲስ ገዛሁ። ስነቅል ሁለት ቦታ የቦርዱ መዳብ ተላጠ። በቀጭን ሽቦ አያይዤዋለሁ፤ ከፊት ስለማይታይ ችግር የለውም።

ኤሌክትሪኩ ከአሮጌ ራውተር አዳፕተር የሚመጣ 12 ቮልት ነው። 7809 በምትባል ቮልቴጅ አረጋጊ (ሬጉሌተር) ወደ 9 ቮልት አወርደዋለሁ። ይህቺን ሬጉሌተር አትዝለሏት። ቮልቴጁ ከተወዛወዘ ኖታውም አብሮ ይወዛወዛል።

አሁን ወደ ባከኑት ሁለት ወራት።

መጀመሪያ ያበራሁት ቀን መብራቶቹ በሰልፍ መሄድ ሲገባቸው አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ አምስት፣ ስምንት እያሉ ይዘላሉ። «የተበላሸ አይሲ ሸጠልኝ» ብዬ የአምስት ኪሎውን ልጅ በሆዴ ረገምኩት። መጠባበቂያዋን ቀየርኩ፤ ያው። ብየዳውን ሁሉ ደግሜ ነካሁት፤ ያው። መብራት ሲጠፋ ትቼው፣ ሲመጣ እየጀመርኩ፣ ሳምንታት ሄዱ። ጥፋቱ የኔ ነበር። ዝርዝሩ ላይ ያሉትን ትንንሾቹን የ100 ናኖ ፋራድ ካፓሲተሮች «ጌጥ ናቸው» ብዬ አልገዛኋቸውም ነበር። 555 ምቷን በመታች ቁጥር ለቅጽበት ብዙ ከረንት ትጎትታለች፤ ያኔ የ9 ቮልቱ መስመር ይንቀጠቀጣል፣ 4017 ደግሞ ያንን መንቀጥቀጥ እንደ ሌላ ምት ትቆጥረዋለች። ካፓሲተር ጥቂት ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ያንን መንቀጥቀጥ ያረጋጋል፤ ከእያንዳንዷ አይሲ አጠገብ አንዳንድ አስገባሁ። ዝላዩ ወዲያው ቆመ። ዋጋቸው ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም። ልጁንም በሆዴ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ከዚያ ስምንቱ ደረጃ በሥርዓት ዞረ። ሰማሁት። አሰልቺ ነው። ክለብ ውስጥ ያለ ይመስላል፤ ትከሻዬን ግን አላነቃነቀውም። ችክችካ በስምንት አይሄድም፤ ስድስት ለስምንት ነው፣ አንዱ ዙር ስድስት ምት ማለት ነው። ስምንቱ ላይ በግድ ላስገባው ብሞክር ሁለት ደረጃ ይተርፍና ጭፈራው ይሰበራል። ስለዚህ ቦርዱን መቁረጥ ነበረብኝ።

አሠራሩ ቀላል ነው። 4017 እስከ አሥር መቁጠር ትችላለች። 15ኛ እግሯ ቮልቴጅ ሲያገኝ ወደ መጀመሪያው ትመለሳለች። ቦርዱ 9ኛውን እግር ከ15ኛው ጋር አገናኝቶ ነው ስምንት ላይ የሚያስቆማት። ያንን መስመር በምላጭ ቆረጥኩና ባለ ሦስት እግር ማብሪያ ማጥፊያ አስገባሁ፤ በአንድ በኩል ስምንት፣ በሌላው ስድስት። ከዚያ 15ኛውን ከ6ኛ እግር ጋር አገናኘሁ። ስድስት አይደል? አስነሳሁት። ሰባት ይቆጥራል! የሚያነክስ ሰው እስክስታ ሲወርድ አስቡት።

የዚህች አይሲ እግሮች በቁጥር ቅደም ተከተል አይሄዱም። ከዜሮ ጀምራ ነው የምትቆጥረው፤ ተራው ደግሞ 3፣ 2፣ 4፣ 7፣ 10፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9፣ 11 ነው። ስድስት ላይ እንድትመለስ የሚያደርገው 5ኛው እግር ነው። አንድ ነገር ጨምሩበት፦ ከ15ኛው እግር ወደ ኔጌቲቭ 100 ኪሎ ሬዚስተር ይግባ። ካልገባ ማብሪያውን ስታንሸራትቱ መሀል ላይ እግሩ ተንጠልጥሎ ይቀርና እንዳሻው ይሆናል።

የቀረው ቅኝት ነበር። ቮልዩሙ 9 ቮልት በቀጥታ ሲያገኝ ጥቂት ስትነኩት ብዙ ኖታ ይዘላል። ከእያንዳንዱ በፊት 330 ኪሎ ሬዚስተር ጨመርኩና ሙሉ ዙሩ ወደ 2 ቮልት ወረደ። መንገዱ ላይ ያለው ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ትንሽ ቮልቴጅ ይበላል፤ ቢሆንም ከአንድ ኦክታቭ (ከአንድ ኖታ እስከሚደገምበት ከፍታ) በላይ ይተርፋል። የምነዳው የጓደኛዬን ትንሽ አናሎግ ሲንተሳይዘር ነው፤ በኦክታቭ 1 ቮልት የሚቀበል። ትዝታ ለማውጣት ከመነሻው ኖታ በላይ 0.17፣ 0.33፣ 0.58፣ 0.75 ቮልት ላይ አቆምኩ። ስድስተኛውን እንደ ባለ ስድስት ክር ክራር የመጀመሪያው ኦክታቭ አደረግኩት፤ 1.00። አንቺሆዬ ሲያምረኝ ደግሞ 0.08፣ 0.42፣ 0.50፣ 0.75።

ቴስተሩን የተጠቀምኩት የመጀመሪያ ቀን ብቻ ነው። አሁን በጆሮ ነው የምቃኘው። ኪቦርድ ላይ ሁለት ቁልፍ መሀል የሚቀረው ድምፅ እዚህ አይቀርም፤ ቮልዩሙን ቅንጣት ታህል ገፋ ሲያደርጉት ይገኛል። «ኖታውን ራሱ የሚያስተካክል ሞጁል ጨምርበት» ያላችሁኝ ነበራችሁ። ይቅርብኝ።

ፍጥነቱ በሴኮንድ ሰባት ደረጃ አካባቢ ላይ ያልቃል። ለሞቀ ችክችካ ልክ ነው፣ ከዚያ በላይ የለም። ሳጥን ገና አልሠራሁለትም፤ ጫማ ካርቶን ውስጥ ተቀምጧል። ትናንት ማታ አንድ ሰዓት ያህል ሳዞረው እማዬ በሩን ከፍታ ቆማ ሰማች። ትከሻዋ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

«ጥሩ ነው» አለች። «ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?»