ዋጋውን የምትናገረው ልጅ

ድሬዳዋ ውስጥ ዕቃ የሚገዛው በሰው ነው። ስልክ እጃችን ላይ ከመግባቱ በፊትም እንደዚያው ነበር። ከጅቡቲ በባቡር ጨርቅና ሽቶ ያመጡ የነበሩ ሴቶች ብዙዎቹ ሱቅ አልነበራቸውም። ቡና ወደተፈላበት ቤት ይገቡና ጥቅልላቸውን ፈትተው "ይሄን እኮ እከሊትም ወስዳለች" ይላሉ። እናቴ በወጣትነቷ የለበሰችው ድሪያ አብዛኛው የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ "ኢንፍሉዌንሰር የሚባል አዲስ ሥራ መጣ" ሲሉኝ ፈገግ እላለሁ። አዲሱ ነገር፣ ዛሬ ያቺ "እከሊት" እኔ መሆኔና የሚያምነኝ ሰው ጅግጅጋ ወይም ጅዳ ተቀምጦ በዓይን አይቶኝ የማያውቅ መሆኑ ነው።

እንዴት እንደጀመርሽ ንገሪን ለሚሉኝ ታሪኩ አጭር ነው። ለእህቴ ሰርግ እዚሁ ድሬ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ መጋረጃ እየፈለግን ነበር። ያው መጋረጃ ከሱቅ ሱቅ ዋጋው ስለሚለያይ፣ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ጨርቁንም ዋጋውንም በስልኬ ቀረጽኩ። ማታ ቁርጥራጩን ቀጥዬ ቲክቶክ ላይ ጫንኩት። ኮሜንቱን ሳነብ የመጋረጃውን ቀለም ያነሳ ሰው የለም ማለት ይቻላል። "ተባረኪ፣ ዋጋውን ተናገርሽ" ነው የሚለው ሁሉም።

ለምን እንደሆነ የአገሬ አንባቢ ያውቀዋል። እኛ ጋ ሻጭ ፎቶ ይለጥፋል፣ ያሞግሳል፣ ከሥር ሰው "ስንት ነው?" ሲል "በውስጥ መስመር" ይለዋል። ቴሌግራሙም ፌስቡኩም እንዲሁ ነው። ነጋዴው ምክንያት አያጣም። ጎረቤቱ ዋጋውን አይቶ ይሰብርበታል፣ ገቢዎች ያየዋል፣ ደግሞም እንደ ሰዉ አለባበስ መጥራት ይፈልጋል (ይቺን የመጨረሻዋን ጮክ ብሎ የሚናገራት የለም)። እኔ የገባሁት በዚህ ክፍተት ነው። ዋጋ የማይነገርበት ቪዲዮ አልሠራም አልኩ፤ ሥራዬ ሁሉ ከዚያ የተከተለ ነው።

ስለ ገንዘቡ ግልጽ ላድርግ፤ ብዙ ልጆች ተሳስተው ይገባሉ። ቲክቶክ በእይታ ብዛት የሚከፍለው ለጥቂት አገሮች ሰዎች ነው፦ ለአሜሪካ፣ ለእንግሊዝ፣ ለጀርመን፣ ለፈረንሳይ፣ ለጃፓንና ለመሳሰሉት። ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ሚሊዮን ሰው ቢያይህ ከመተግበሪያው የምታገኘው ሳንቲም የለም። የቀረው ላይቭ ገብቶ ስጦታ መጠበቅ ነው፤ ይሄ ለእኔ ባሕርይ አይሆንም፤ እንቅልፍ አጥቶ "አንበሳ ላኩልኝ" (አንበሳው ተመልካች በብር ገዝቶ የሚልከው ምስል ነው) ማለት ያደክመኛል። ሌላው መንገድ ባለሱቁ ራሱ እንዲከፍል ማድረግ ነው። የእኔ እንጀራ ያለው እዚያ ነው።

የመጀመሪያው ቁም ነገር ያለው ስፖንሰሬ መጋላ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥ ሐጂ ነው። ሚያዝያ ገብቶ ሙቀቱ ሲነሳ ድሬ ላይ ቬንትሌተር እንደ ዳቦ ይፈለጋል፤ መብራት እየጠፋ ሲያስቸግር ደግሞ ቻርጅ የሚደረገው ይመረጣል። ሐጂ አንዱን ካርቶን አውጥቶ "ስምንት ሰዓት ይሠራል፣ ይኸው ተጽፏል፣ ይሄን በይ" አለኝ። ቤት ወስጄ ልየው አልኩት። ሙሉ ቻርጅ አድርጌ በትልቁ ፍጥነት ከፍቼው ተኛሁ። አራት ሰዓት እንኳ ሳይሠራ ዝም አለ፤ ላቡ ቀሰቀሰኝ። በማግስቱ በትንሹ ፍጥነት ሞከርኩት፤ እስከ ንጋት አብሮኝ አደረ። ካርቶኑ አልዋሸም ለካ፤ የሚናገረው ስለ ትንሹ ፍጥነት ብቻ ነው። ባትሪ ያለው ዕቃ ላይ የሚጻፈው ሰዓት ብዙውን ጊዜ እንደዚህ ነው፤ በጣም በሚመቸው ሁኔታ የተለካው ይጻፋል።

ቪዲዮው ላይ ሁለቱንም ተናገርኩ። በትልቁ አራት ሰዓት አይሞላም፣ በትንሹ ያሳድራል፣ ዋጋው ይሄ ነው፣ ሐጂ ከፍሎኛል። ከመልቀቄ በፊት ላሳየው ወሰድኩለት። አይቶ ሲጨርስ ፊቱ ተለወጠ።

"አንቺ ልጅ፣ ከፍዬሽ ነው የምትሰድቢኝ?"

"ሐጂ፣ አንተ ስምንት ሰዓት ብለህ ሸጠህለት ሌሊት በላብ የነቃ ሰው ጠዋት ወዴት የሚመጣ ይመስልሃል?" አልኩት። (ከሌላ ከተማ የመጣ አንባቢ እንዳይደነግጥ፤ ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አንወድም፤ ሐጂም አንተ ነው።)

ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና "አቦ፣ እንደፈለግሽ አድርጊ፤ ግን ቀሪውን ግማሽ ሰው ሲመጣ ነው የምሰጥሽ" አለኝ። ተስማማሁ። ሰው መጣ። የሚመጣው ሰው ደግሞ "ቬንትሌተር አለህ?" አይልም፤ "ያንን በትንሹ የሚያድረውን ስጠኝ" ነው የሚለው። ሐጂን ያስገረመው ይሄ ነው። የሚጠቀምበትን ፍጥነት ሳይቀር አውቆ የመጣ ገዢ አይከራከርም፣ አይመልስም። ቀሪውን ግማሽ በቴሌብር ላከልኝ፤ ከዚያ በኋላም የሱን ማስታወቂያ ከመልቀቄ በፊት አሳዪኝ ብሎኝ አያውቅም።

ሰው ለምን እንደሚከተለኝ ለረጅም ጊዜ በትክክል አልገባኝም ነበር። መልኬ እንዳልሆነ መስታወት ይነግረኛል። ሳቢያን ታክሲ ስጠብቅ አንዲት አዴ እጄን ይዘው "የእናትሽ ጉልበት እንዴት ሆነ?" አሉኝ። አላውቃቸውም። እናቴ አንዱ ቪዲዮ ላይ ከኋላዬ እያነከሰች ስታልፍ አይተው ነው። እኔ ስለ ፍራሽ እያወራሁ ነበር፤ እሳቸው የያዙት የእናቴን ጉልበት ነው። በኋላ የማርኬቲንግ ተማሪ የሆነ የአክስቴ ልጅ እንደነገረኝ፣ ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ይሄን ነገር እ.ኤ.አ. በ1956 ጽፈውበታል። የሬዲዮና የቴሌቪዥን አቅራቢ በቀጥታ ወደ ተመልካቹ ዞሮ እንደ ወዳጅ ሲያወራ፣ ተመልካቹ በአንድ ወገን ብቻ የቆመ ወዳጅነት ይመሠርታል ይላሉ። ቲክቶክ ሳይታሰብ፣ እኛ አገር ቴሌቪዥን እንኳ ሳይገባ መሆኑ ነው። ስፖንሰሩ የሚከፍለው ለዚያ ወዳጅነት እንጂ ለቪዲዮው ጥራት አይደለም። ይሄን ካወቅኩ ወዲህ ዋጋ ስጠየቅ አላፍርም፤ የምሸጠው ምን እንደሆነ አውቃለሁና።

እናቴ ግን ከእኔ ቀድማ ነው የገባት። አንድ የምንጣፍ ነጋዴ "እናትሽም ቪዲዮው ላይ ትኑር፣ ሰው ይወዳታል" ሲለኝ ከጓዳ ሆና ሰምታ "የእኔ ሒሳብ ለብቻ ነው" አለች። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አልነበረም። ተከፍሏታል።

ያልተቀበልኩትም ብዙ ነው። የውርርድ ድርጅት አልሠራም፤ ጎረቤቶቼ ውስጥ በዚያ የተቃጠለ ልጅ ስላለ ምክንያት መደርደር አያስፈልገኝም። በደንብ ላወራ የምፈልገው ስለ ክሬሙ ነው፤ ድሬና ሐረር ላይ በጣም ይሸጣልና። ፊት የሚያነጣ ክሬም ይዛ የመጣች ሴት ካየሁት ሁሉ የተሻለ ብር አቀረበችልኝ። ማሸጊያውን ይዤ ወደማውቀው ፋርማሲስት ሄድኩ። በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን አነበበና ጣቱን አንዱ ስም ላይ አሳረፈ፦ ክሎቤታሶል። ሐኪም ለቆዳ በሽታ ለአጭር ጊዜ የሚያዘው በጣም ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው፤ ፊት ላይ እየደጋገሙ ሲቀቡት ቆዳውን ያሳሳዋል፣ የደም ሥር ያወጣል፣ ሲያቆሙት ደግሞ ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላል። መጀመሪያ ላይ ፊትን ያጠራና ያለሰልሳል፤ ተንኮሉ እሱ ነው። በዚያ ሰሞን "በፊት እና በኋላ" ብለሽ ብትቀርጪ ምስሉ እውነተኛ ነው የሚሆነው። ውሸቱ ያለው ካሜራው ከጠፋ በኋላ በሚመጡት ወራት ነው። ስሙ ጭራሽ ያልተጻፈ ነገር ያለባቸው ክሬሞችም አሉ፤ ሜርኩሪም የሚገኝባቸው አሉ። ሴትዮዋን "አይሆንልኝም" አልኳት፤ ሌላ ልጅ ሠራችላት። ያቺን ልጅ አልወቅስም፤ የቤት ኪራይ አለባት። ግን ኮሜንቷ ውስጥ ገብቼ የመድኃኒቱን ስም ጽፌአለሁ።

እይታና ገዢ የተለያዩ መሆናቸውን ለነጋዴ ማስረዳት ከባድ ነው። ደቻቱ ውስጥ አንዲት ግመል ባጃጅ ላይ ስትተፋ የቀረጽኩት ቪዲዮ አገር ምድሩን አዳረሰ፤ አንድም ሰው ምንም አልገዛበትም። የሮቶ ቪዲዮ ደግሞ ማንም ሼር ያላደረገው፣ ክዳኑን ከፍቼ ውስጡን ብቻ ያሳየሁበት፣ ባለሱቁን ከመጋዘኑ ዕቃ አስጨርሶታል። ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ሰፈር የሚኖር ሰው ላይክ አያደርግም፤ ብሩን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ከባለሱቅ ጋር ስንዋዋል የይለፍ ቃል እንሰጣለን። ገዢው ያንን ቃል ሲናገር ትንሽ ቅናሽ ያገኛል፣ ሻጩ ደብተሩ ላይ ጭረት ያደርጋል። ወር ሲያልቅ ጭረቱን አብረን እንቆጥራለን።

የመተግበሪያው ቁጥር ሁልጊዜ የሚታመን አይደለም። በ2015 የካቲት ማኅበራዊ ሚዲያው ተገድቦ እስከ ሐምሌ ሁላችንም በቪፒኤን (ያለንበትን አገር ሌላ በሚያስመስል መተግበሪያ) ስንገባ፣ ተመልካቾቼ የት እንዳሉ የሚያሳየው ገጽ ግማሹን ሆላንድና አሜሪካ አደረገልኝ። አንዱ ነጋዴ ያንን አይቶ "ሆላንድ ያለ ሰው ከእኔ ምጣድ ይገዛል?" ብሎ ግማሽ ብር ሊቀንስብኝ ሲል፣ ሰዎቹ እዚሁ ድሬ፣ ገንደ ቆሬ እንደሆኑ ለማስረዳት አንድ ከሰዓት ፈጅቶብኛል። እውነተኛ ውጭ ያሉትም ግን አሉ፤ ጥሩ ከፋዮች ናቸው። ለእናታቸው ፍሪጅ መርጠው ብሩን ለወንድማቸው ይልካሉ። ለእነሱ ዋጋው ቪዲዮው ላይ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ወንድም ዋጋው ላይ የሚጨምራትን ያስቀራል።

የምለቅበት ሰዓት የአዲስ አበባ ልጆች ከሚመክሩት የተለየ ነው። እነሱ ማታ ነው የሚሉት። ድሬ ላይ ከምሳ በኋላ ከተማው ሱቁን ዘግቶ ይቀመጣል፤ በርጫ ያለው በርጫው ላይ፣ የሌለውም ቬንትሌተሩ ሥር፣ ሁሉም ስልኩን ይዟል። ስምንት ሰዓት ላይ የወጣ ቪዲዮ አስር ሰዓት ሱቅ ሲከፈት ሰው ይዞ ይመጣል። ዋጋውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ እናገራለሁ፤ ሶማልኛዬ ከቁጥር አያልፍም፣ ግን የሚፈለገውም ቁጥሩ ነው። ከአዲስ አበባ የተላከልኝን ጽሑፍ ግን አላነብም። "ውድ ደንበኞቻችን" ብዬ ስጀምር የገዛ እህቴ እንኳ አውራ ጣቷን ወደ ላይ ገፍታ ታልፈኛለች።

ዋጋ መናገር ራሱ አንድ ጊዜ ሊያስቆመኝ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ሲያልፍ፣ ሰኞ የተናገርኩት ዋጋ ሐሙስ የለም። ሰዉ ሱቅ ሄዶ "ልጅቷ እንዲህ ብላለች" ይላል፣ ባለሱቁ እኔን ይረግማል። ከዚያ ወዲህ ቪዲዮው ላይ ቀኑን በድምፄም እናገራለሁ፣ በጽሑፍም አስቀምጣለሁ፣ ዋጋው የሚጸናበትን ቀን ከባለሱቁ ጋር በወረቀት እንጽፋለን። በዚያው ወረቀት ላይ ሌሎቹም አሉ። ግማሽ ቀብድ በቅድሚያ፣ ቪዲዮዬን ቆርጦ ሌላ ቦታ መለጠፍ ክልክል (አንድ ሱቅ "ግን" ካልኩበት በኋላ ያለውን ቆርጦ ሙገሳውን ብቻ ለጥፎብኛል)፣ ሳልሞክር የምናገረው የለም፣ እንደተከፈለኝም እናገራለሁ።

ይሄ የመጨረሻው ብዙ ያከራክራል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ እውነተኛና የማያሳስት እንዲሆን ያዛል፤ ቲክቶክም ማስታወቂያ መሆኑን የምትገልጪበት ማብሪያ አለው። በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ባሻሻለው መመሪያ መሠረት በነጻ የተሰጠ ዕቃም ቢሆን መነገር አለበት፤ መተግበሪያው የሚያወጣት ትንሽ ጽሑፍም ብቻዋን ላትበቃ ትችላለች። እኔ መመሪያውን ሳላውቅ ነው በአፌ መናገር የጀመርኩት፤ ድሬ ላይ ለነገሩ ማን ከማን ጋር ምሳ እንደበላ ሁሉም ያውቃል፣ ብደብቀውም አልደበቅም። "ከተናገርሽ ሰው ያልፍሻል" ያሉኝ ነበሩ። ጭረቱ ላይ ለውጥ አላየሁም። ሰዉ የሚቆጣው ስለተከፈለኝ ሳይሆን ተከፍሎኝ ዋጋውን ብደብቅ ነው።

አሁን ስንት ተከታይ ሲኖረን ባለሱቅ እናናግር ብለው የሚጽፉልኝ ልጆች አሉ። እኔ ሐጂ ጋ ስገባ ጥቂት ሺህ ነበሩኝ፤ ግን አብዛኞቹ እዚሁ ከተማ ያሉ ናቸው፤ ሐጂም የጠየቀኝ ይሄንኑ ብቻ ነው። ራሳችሁ ወደምትገዙበት ሱቅ ግቡ፣ ካሜራውን ክፈቱ፣ ዋጋውን ጠይቁት። በውስጥ መስመር ካላችሁ ካሜራውን ዝጉና ቀጥሎ ወዳለው ሱቅ እለፉ፤ ታይዋን ውስጥ ያንኑ ዕቃ የሚሸጥ አይጠፋም።