ቃለ ጉባኤ ውስጥ ያልገባው ጄኔሬተር

በሐዋሳ ከሚገኙት ክፍለ ከተሞች በአንዱ የግንባታ ፈቃድ ባለሙያ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሥራዬ ፕላን መመርመር፣ ወሰን ማየት፣ የጎረቤት አቤቱታ መስማትና የጎደለ ነገር ካለ «ይሟላ» ብሎ መመለስ ነው። በ2013 ዓ.ም. ለሁለተኛ የቴሌኮም ኦፕሬተር ፈቃድ ከተሰጠ ወዲህ ግን ጠረጴዛዬ ላይ ከመኖሪያ ቤትና ከአጥር ማመልከቻ ጎን የታወር ማመልከቻ መከመር ጀመረ። ታወር ለመትከል ሰፊ ቦታ አያስፈልግም፤ የአንድ ግለሰብ ጓሮ፣ የኪራይ ውልና የፈቃድ ወረቀት ይበቃል። ጎረቤት ነገሩን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ብረቱ ከመኪና ሲራገፍ ነው። ከዚህ በታች የማወራው ስሕተት በዋናነት የእኔው ስለሆነ የመሥሪያ ቤትም ሆነ የድርጅት ስም አላነሣም።

ጉዳዩ የተነሣው ወደ ሐይቁ ከሚወርዱት መንገዶች በአንደኛው ዳር ባለ መንደር ነው። በአንድ ነዋሪ ጓሮ ውስጥ ከቆመ ዓመት ያለፈው ታወር አለ፤ ሲመሻሽ አናቱ ላይ አባ ኮዳ ስለሚሰፍርበት የሰፈሩ ልጆች «የአባ ኮዳ ፎቅ» ይሉታል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ሌላ ታወር ሊተከል መሆኑ ሲሰማ ነዋሪዎች ፊርማ አሰባስበው፣ በመንደራቸው አዲስ ታወር እንዳይተከል የሚጠይቅ አቤቱታ ለክፍለ ከተማው ምክር ቤት አስገቡ። የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴም ነዋሪዎቹን ለውይይት ጠራ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው የሥራ ባልደረባችን የወሊድ ፈቃድ ላይ ስለነበረች መዝገቡን እኔ እንድይዝ ታዘዝኩ።

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ከሃያ በላይ ሰው ተናገረ። አንድ መምህር ስለ ጨረር ያነበቡትን በወረቀት ጽፈው መጥተው ነበር፤ ንግግራቸው የተደራጀ ስለነበር ለመጻፍም ይመች ነበር። አንድ አባት ጓሮውን ያከራየውን ጎረቤታቸውን በጎሪጥ እያዩ «ኪራዩን የሚበላው አንድ ሰው፣ ጣጣውን የምንሸከመው ሁላችን» አሉ፤ አዳራሹ ሳቀ። ከኋላ ወንበር የተነሡት እናት ግን ንግግራቸውን ሳያደራጁ፣ የመጣላቸውን ነው የተናገሩት። «መብራት በጠፋ ቁጥር እኮ እንቅልፍ የለንም። ልጄን ራሷን ያማታል። የሰቀልኩት ነጠላ ሳይቀር ይጠቁራል» ብለው ተቀመጡ።

ይህንን በማስታወሻዬ ላይ እንዳለ ቸከቸክኩት። ሰኞ ዕለት ቃለ ጉባኤውን በኮምፒዩተር ሳዘጋጅ ግን መሥሪያ ቤት ውስጥ ዘወትር እንደምናደርገው አሳጠርኩት፤ አመጣጠንኩት። የጻፍኩት ዐረፍተ ነገር እስከ ዛሬ በቃሌ አለ፦ «ተሰብሳቢዎች ከታወሩ የሚወጣው ጨረር ለእንቅልፍ ማጣትና ለራስ ምታት እየዳረጋቸው መሆኑን በስፋት ገልጸዋል።» እናትየው «ጨረር» የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ መምህሩ አንሥተውታልና ለእሳቸውም ያገለግላል ብዬ ነው ያዋስኳቸው። የነጠላውን ነገር ደግሞ ከጉዳዩ ጋር የሚያገናኘው ስላልታየኝ ተውኩት፤ «መብራት በጠፋ ቁጥር» የሚለውንም እንዲሁ። ቃለ ጉባኤው ተነበበ፣ ተፈረመበት፣ ጸደቀ።

የኮሚቴው ሊቀመንበር በጸደቀው ቃለ ጉባኤ መነሻነት፣ ሕዝቡን ከጨረር የሚያርቅ የመመሪያ ረቂቅ ተዘጋጅቶ ለከተማው እንዲቀርብ መሩት፤ ምሪቱም እኔው ጋር ደረሰ። አርአያ የሚሆን ነገር ስፈልግ የአሜሪካ ከተሞች ያወጧቸውን ደንቦች አገኘሁ። ታወር ከመኖሪያ ቤት ምን ያህል ይራቅ እንደሚሉ አይቼ፣ አጠጋግቼ፣ «ከትምህርት ቤት፣ ከጤና ተቋምና ከእምነት ቦታ 200 ሜትር» ብዬ አረቀቅኩ። ከዚያም የክፍለ ከተማውን ፕላን ዘርግቼ ኮምፓስ አነሣሁ። በ1 ለ 5,000 ፕላን ላይ 200 ሜትር ማለት 4 ሴንቲ ሜትር ነው። ከአንድ መዋዕለ ሕፃናት ጀምሬ ክቡን ማዞር ያዝኩ፤ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ክሊኒክ፣ ጸሎት ቤት፣ እንደገና መዋዕለ ሕፃናት። ክቦቹ እርስ በርስ እየተደራረቡ ከሰዓት በኋላ ላይ ፕላኑ የዓሣ ቅርፊት መሰለ፤ ሳይነካ የቀረው ሐይቁና የአንድ ተዳፋት ጫፍ ብቻ ነበር። አጠገቤ የሚሠራው ቀያሽ አንገቱን አስግጎ አየና «ታወሩን በጀልባ ልትተክሉት ነው እንዴ?» አለኝ። ሳቅኩ፤ ረቂቁን ግን አልቀየርኩትም። መመሪያው እንዲያርቅ ነው የታዘዝኩት፤ አርቆ ነበር።

በምክር ቤቱ ክርክሩ ጠነከረ። አንድ ወገን መመሪያው ወጥቶ አዲስ ታወር ይቁም ሲል፣ ሌላው በተለይም ነጋዴዎቹ፣ ክፍያው ሁሉ በስልክ በሆነበት ዘመን ኔትወርክ መከልከል ሱቅ ከመዝጋት አይተናነስም ብለው ተሟገቱ። ማብራሪያ እንዲሰጥ የተጠራው የታወር ድርጅቱ ኢንጂነር ትዕግሥተኛ ወጣት ነበር። የመኪና የፊት መብራት ጎማው ሥር ያለውን ትቶ ራቅ ያለውን መንገድ እንደሚያበራ ሁሉ፣ አንቴናም ሞገዱን የሚልከው ወደ ጎን፣ በጥቂቱ ወደ ታች አዘንብሎ ስለሆነ ከታወሩ ግርጌ የሚደርሰው ጉልበት አነስተኛ መሆኑን አስረዳ። ለሕዝብ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ወሰን በ900 ሜጋኸርዝ በካሬ ሜትር 4.5 ዋት፣ በ1,800 ሜጋኸርዝ ደግሞ 9 ዋት መሆኑን፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጽሑፍ መሠረትም ሰው ከታወሮች የሚደርሰው ከወሰኑ ከ0.002 እስከ 2 በመቶ ብቻ መሆኑን ጠቀሰ።

መምህሩ ተነሥተው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የሬዲዮ ሞገድን «ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ» ከሚባሉት ምድብ አላስገባውም ወይ ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ትክክለኛ ነበር፤ ኢንጂነሩም አልሸሸውም። «አስገብቶታል። በዋናነት መነሻ ያደረገው ግን ጆሮ ላይ ተለጥፎ የሚዋለውን ስልክ ነው። ስልክ ደግሞ ታወር ሲርቀው ለመሰማት ጉልበቱን ይጨምራል፤ ሲቀርበው ይቀንሳል» አለ። በዚህ ጊዜ አንዲት የምክር ቤት አባል «እንግዲያው ታወሩን ስናርቀው ጨረሩን ወደ ልጆቻችን ጆሮ እያቀረብነው ነው ማለት ነው?» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ እኔም ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን የክብ ክምር በክርኔ ሸፈን አደረግኩት።

እስካሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ያቺ ከኋላ ወንበር የተነሣች እጅ እንደገና ተነሣች። ሊቀመንበሩ ቃለ ጉባኤውን ገልጠው፣ «እናቴ፣ የእንቅልፉ ጉዳይ ከሆነ በጨረሩ ሥር ተመልሷል፤ ጊዜ ስለሌለን» አሉና ወደ ሌላ ተናጋሪ አለፉ። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያነበቡት እኔ የጻፍኩትን ነው። እናትየው እጃቸውን አውርደው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነና አዲሱ ታወር ከቅርብ ቤት ያለውን ርቀት በሜትር ለክቼ እንድመጣ ታዘዝኩ። ወደ መንደሩ የሄድኩት ከሥራ መውጫ ሰዓት በኋላ፣ ከሐይቁ በኩል ንፋስ በሚነሣበት ጊዜ ነው። የቅርቡ ቤት የእሳቸው ሆኖ ተገኘ፤ ነባሩ ታወር የቆመውም ልክ ከአጥራቸው ማዶ ነው። ሜትሩን ስጠቀልል «ልጄ፣ ቡና ሳትጠጣማ አትሄድም» አሉኝ። ሁለተኛውን ስኒ ይዤ ሳለ መብራት ጠፋ። ጥቂት ቆይቶ ከአጥሩ ማዶ አንድ ነገር አጓራ፤ መሬቱ ከእግሬ ሥር ተርገፈገፈ፤ ረከቦቱ ላይ የተደረደሩት ስኒዎች እርስ በርስ እየተላተሙ መንጫጫት ጀመሩ። እናትየው እንደለመደ ሰው በስኒዎቹ መካከል የተጣጠፈ ጨርቅ ሸጎጥ ሸጎጥ አደረጉ። ጭሱ በአጥሩ ላይ ተሻግሮ የልብስ መስቀያው ገመድ ላይ ሲያርፍ በዓይኔ አየሁት።

«ይኼ ነው» አሉኝ። ሌላ ማብራሪያ አልጨመሩም።

ማታ ቤቴ ገብቼ የድሮ ማስታወሻዬን ፈልጌ ገለጥኩት። «መብራት በጠፋ ቁጥር» ይላል፤ በራሴ እጅ ጽሑፍ። አጥሩን ያሻገረው ንዝረት፣ የናፍጣው ጭስ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራው ሞተር፣ ሁሉም በዚያች አንድ መስመር ውስጥ ነበሩ። እኛ ግን ለሳምንታት የተከራከርነው ስለ ሜጋኸርዝ ነበር፤ ኢንጂነሩም ያልተጠየቀውን ጄኔሬተር ከየት አምጥቶ ይመልስ?

ነገሩ ስለቆጨኝ ያንን የአሜሪካ ደንብ በደንብ አነበብኩት። ለካ በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕጋቸው፣ ታወሩ የፌዴራሉን የጨረር ወሰን እስካሟላ ድረስ፣ ከተሞች በሬዲዮ ሞገድ ምክንያት ቦታ እንዳይከለክሉ ያግዳቸዋል። ስለዚህ ደንቦቻቸው ውስጥ ያለው ርቀት ታወሩ ቢወድቅ ማን ላይ ይወድቃል ከሚለውና ከአካባቢው መልክ ጋር የተያያዘ እንጂ ከጨረር ጋር አይደለም፤ እኔ ቁጥሩን ገልብጬ ምክንያቱን ቀይሬበታለሁ። የእኛም አገር አሠራር ቢሆን ከዚህ አይርቅም፤ የሬዲዮ ሞገድ አስተዳደር በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተሰጠ ነው። የመሬቱ፣ የአጥሩና የግንባታው ፈቃድ ግን እኛው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ያው የአሜሪካኖቹ ሕግ አንድ ከተማ ታወር ሲከለክል ክልከላው በጽሑፍ እንዲሆንና በተመዘገበ በቂ ማስረጃ እንዲደገፍም ያዛል። በጆርጂያ ግዛት ሮዝዌል የምትባል ከተማ፣ የጥድ ዛፍ አስመስሎ ሊቆም የታሰበን 33 ሜትር ገደማ የሚደርስ ታወር ከልክላ ክሱ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርሶ ነበር። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 በሰጠው ውሳኔ፣ የክልከላው ምክንያት በቃለ ጉባኤ ውስጥ መስፈሩ በቂ ሊሆን እንደሚችል ተቀበለ፤ ሆኖም ዝርዝሩ ቃለ ጉባኤ የወጣው ከክልከላው ደብዳቤ 26 ቀን ዘግይቶ ስለነበር ከተማዋ ሕጉን እንዳላሟላች ወሰነ። ቃለ ጉባኤ ያን ያህል ክብደት ሲሰጠው አይቼ አላውቅም ነበር። እኛ ዘንድ ቃለ ጉባኤ ማለት አበል ሲወራረድ የሚያያዝ ወረቀት ነው።

በማግስቱ ሊቀመንበሩ ቢሮ ገብቼ የሆነውን ተናገርኩ። «የጸደቀ ቃለ ጉባኤ ይነካል እንዴ?» ሲሉ ተቆጡ፤ ቁጣቸው ትክክል ነው። የጸደቀውን ሳንነካ፣ ስሕተቱ የመዝጋቢው መሆኑን የሚገልጽ ማረሚያ በእኔ ፊርማ እንዲያያዝና ነዋሪዎቹ እንደገና እንዲጠሩ ተስማማን። ያቺን ማረሚያ መፈረም ቀላል አልነበረም፤ የግል ማኅደሬ ውስጥ አንድ ቅጂዋ አለ።

አዲሱ ረቂቅ ክቦቹን ጣላቸው። በምትካቸው ጄኔሬተሩ ድምፅ በሚያፍን ሳጥን ውስጥ፣ ንዝረት በሚውጥ ጎማ ላይ እንዲቀመጥ፤ የጭስ ማውጫው ወደ ጎረቤት እንዳይዞር፤ ታወሩ ቢወድቅ በራሱ ይዞታ ውስጥ እንዲወድቅ፤ ከመቆፈሩ በፊት ወሰንተኞች በጽሑፍ እንዲያውቁ የሚል ገባበት። በጣም ያከራከረው፣ አመልካቹ በአካባቢው ያለውን ነባር ታወር በጋራ መጠቀም ያልቻለበትን ምክንያት በጽሑፍ ያቅርብ የሚለው አንቀጽ ነበር፤ እሱም አለፈ። መምህሩ እስከ መጨረሻው አልተዋጠላቸውም፤ አልወቅሳቸውም፣ ጥያቄያቸውን ቢያንስ በትክክል ጽፌላቸዋለሁ።

በመጨረሻው ውይይት፣ ከመጽደቁ በፊት የእያንዳንዱን ተናጋሪ ቃል ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዳነብ ጠየቅኩ፤ ተፈቀደልኝ። እናትየው ጋር ስደርስ «መብራት ሲጠፋ የጄኔሬተሩ ጫጫታ እንቅልፍ እንደሚነሣቸው ገልጸዋል» ብዬ አነበብኩ።

«ጫጫታ አላልኩም» አሉ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ። «ጫጫታማ የባጃጁም አለ። እሱ የሚመጣው ከመሬቱ ነው፤ ከነአልጋችን ያርገፈግፈናል ነው ያልኩት።»

«ጫጫታ» የሚለውን ሰርዤ ያሉትን እንዳሉት ጻፍኩ። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና ወደ ቀጣዩ ተናጋሪ እንድቀጥል በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ።