አዲንዳን

ሰኞ ማታ። ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም፤ ከሰው ጋር መጫወትም አላሰኘኝም። ሆዴ እንዲህ ሲባባ ሥራ ውስጥ መሸሸግ ልማዴ ነው። ሰሞኑን የተረከብኩትን የውኃ ምንጮች ዝርዝር ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም ላይ መጫን ጀመርኩ።

ሰንጠረዡ ንጹሕ ነው፤ የየምንጩን ቦታ የሚናገሩ ሁለት የቁጥር ዓምድ፣ አንድ የስም ዓምድ። የአማርኛው ፊደል እንዳይበላሽ ዩቲኤፍ 8 የሚባለውን የፊደል አጻጻፍ መረጥኩ፣ የካርታውን ቀጠና ዞን 37 ብዬ ሰጠሁት፣ ነጥቦቹ ወጡ። የሳተላይት ምስሉን ከሥር ዘርግቼ መጀመሪያ የፈለግኩት የእኛን ምንጭ ነበር፤ በልጅነቴ ከእናቴ ጋር ውኃ የቀዳሁባትን። ነጥቧ ከጅረቱ ማዶ፣ ቁልቋል ብቻ የሚበቅልበት ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጣለች። ሌሎቹንም አየኋቸው። ሁሉም እኩል ተንሸራትተዋል፤ 90 ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ፣ 200 ሜትር ያህል ወደ ደቡብ።

ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ አልደከምኩም። ቁጥሮቹ የተነበቡት ከድሮው አንድ ለ50,000 ካርታ ላይ ነው። ያ ካርታ የተሠራው በአዲንዳን መነሻ ነው፤ መነሻ ማለት የቦታ ቁጥሮች ሁሉ የሚቆጠሩበት መሠረት ነው። ጂፒኤስ የሚሠራው ደግሞ ዳብሊውጂኤስ 84 በሚባል ሌላ መነሻ። ፋይሉ ራሱ የቱ እንደሆነ አይናገርም፤ የጫነው ሰው ማወቅ አለበት። የመነሻውንና የዞኑን መለያ ቁጥር፣ የዳብሊውጂኤስ 84 የሆነውን 32637፣ ወደ አዲንዳኑ 20137 ስለውጠው ነጥቦቹ ወደየቦታቸው ተመለሱ። የእኛም ምንጭ ሾላው ሥር ገባች።

ዓይኔ ግን ስሙ ላይ ቀረ። ይህን ቃል ስንት ዓመት ሙሉ ከዝርዝር ውስጥ መርጬዋለሁ! አዲንዳን በግብጽ ደቡባዊ ጫፍ፣ በአባይ ዳር የነበረ የኑቢያ መንደር ነው። ልኬቱ ከዚያ አካባቢ ተነሥቶ፣ ከኮረብታ ኮረብታ ማዕዘን እየተለካ፣ ሱዳንን አቋርጦ እኛ ተራሮች ድረስ ዘለቀ። በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ባለሙያዎች የአባይን ተፋሰስ ሲለኩ መንደሩ ገና ሰው ነበረበት፤ ጭስ ይወጣበት ነበር። ከዚያ ከፍተኛው የአስዋን ግድብ መጣ። በ1963 እና በ1964 የግብጽ ኑቢያዎችን ነቅለው ኮም ኦምቦ አካባቢ አሰፈሯቸው፤ አዲንዳንም ውኃ ሥር ገባ።

የማን ውኃ? የዚያች የእኛ ምንጭ ውኃ ወርዶ ወርዶ ጀማ ወንዝ ይገባል፤ ጀማም አባይ። እናቴ በእንስራዋ ያልቀዳችው ሁሉ ወደዚያ ነበር የሚሄደው። የእኛ ምንጭ የት እንዳለች የምናውቀው ከዚያ መንደር ተነሥተን ነው፤ መንደሩን ከሸፈነው ውኃ ውስጥ ደግሞ የእኛም አለበት። ይህን ማንም አስተምሮኝ አያውቅም። ዛሬ ማታ ብቻዬን ደረስኩበትና ደረቴ ላይ እንደ ድንጋይ ተቀመጠ።

ሥራውን እንኳ አላስቀመጥኩም፤ መብራቱን አጥፍቼ ዝናቡን ስሰማ ቆየሁ። እናቴ ከቀዬዋ ከወጣች ብዙ ዘመኗ ነው። አገርሽ የት ነው ሲሏት ግን ዛሬም ከሾላው ነው የምትጀምረው፤ “ከሾላው ወረድ ስትል” ብላ በእጇ ታሳያለች። ልጅ ሆና ከአዲንዳን የወጣች ሴት ዛሬ በሕይወት ካለች አሮጊት ናት። አገርሽ የት ነው ሲሏት እጇን ወዴት ትዘረጋ ይሆን?