የግራው ክንድ ለምን ይዘገያል?

ዛሬ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ማንሻውን ሊፍት ስናስተካክል ዋልን። ባለ ሁለት ምሰሶ ሃይድሮሊክ ነው፤ በዘይት ግፊት ይሠራል። ሰሞኑን መኪና ሲነሳ የግራው ክንድ ወደ ኋላ ይቀር ነበር። ክንዶቹ እንዳይወድቁ በየከፍታው የሚይዛቸው የመቆለፊያ ድምፅም ከሁለቱም ወገን እኩል አይሰማም።

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ዘይት ጎደለ ይላል። ሁለቱን ክንዶች እኩል የሚያስኬዷቸው ግን ከምሰሶ ምሰሶ የተዘረጉት ሁለት የብረት ገመዶች ናቸው። ገመዶቹ በጊዜ ብዛት ይለጠጣሉ። አንዱ ሲላላ በዚያ ወገን ያለው ክንድ ይዘገያል። ስለዚህ ሊፍቱን ባዶውን አንስተን፣ በሁለቱም በኩል እኩል ቁመት ላይ ባለው መቆለፊያ አሳረፍነው። ከዚያ ውጥረታቸው እኩል እስኪሆን የገመዶቹን ዳዶ ቀስ እያልን አጠበቅን። ምሰሶዎቹን በውሃ ልክ አየን፤ ከወለሉ ጋር የያዟቸውን ቡሎኖችም ፈተሽን። ዘይቱን የለካነው ሊፍቱ ሙሉ በሙሉ ወርዶ ነው። ከፍ ብሎ ሳለ ዘይቱ ሲሊንደር ውስጥ ስለሚሆን የጎደለ ይመስላል።

መጨረሻ ላይ አንድ ቪትዝ አነሳንበት፤ ሁለቱም ወገን እኩል ሄደ። ደስ አለኝ፣ እውነት ለመናገር።

ጋራዥ የምትሠሩ ወንድሞቼ፣ እባካችሁ የዘይቱን ግፊት ብቻ አምናችሁ መኪና ሥር አትግቡ። መጀመሪያ መቆለፊያው ላይ አሳርፉት። ገመዱንም በየጊዜው በጨርቅ ጠርጋችሁ እዩት፤ የተበጠሰ ክር ካለበት መወጠር የለም፣ መቀየር ነው።