የእትዬ መቀስ

የግቢያችን ምጣድ የሚበላሸው ሊጡ ኩፍ ባለ ቀን ብቻ ነው። ባለፈው ቅዳሜም እንጀራው ሳይጀመር ኬብሉ ስፒናው አጠገብ ቀለጠና ቤቱን የቃጠሎ ሽታ ሞላው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የተቃጠለውን ጫፍ ቆርጦ፣ ልጦ፣ መልሶ ማሰር። ችግሩ ጋሼ ቤት ነበሩ።

ጋሼ የአከራያችን የእትዬ ወንድም ናቸው። የማይጀምሩት ሙያ የለም፤ የጨረሱትን ግን አላየሁም። ብሬከሩን አወረዱ (እዚህ ላይ ምስጋና ይገባቸዋል)፣ ፒንሳ ፈለጉ፣ አጡ፣ ሰጌቶ አሉ፣ እሱም የለም፣ ከዚያ ዓይናቸው የእትዬ መቀስ ላይ አረፈ። እትዬ ልብስ ሰፊ ናቸው። በዚያ መቀስ ወረቀት የቆረጠ ልጃቸው እንኳ እስከ ዛሬ በክፉ ይነሳል።

«ጋሼ፣ ኧረ እሱ ይቅርብዎ!»

«አንተ ዝም ብለህ ያዝ።»

ያዝኩ። ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይበላል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፔር ነው፣ ስለዚህ ኬብሉ ውስጥ ያለው መዳብ ቀልድ አይደለም። መቀሱ ነከሰ፣ ተንሸራተተ፣ ጋሼ በሁለት እጅ ጨበጡት፣ ኬብሉ ተጨፈለቀ እንጂ አልተቆረጠም። በስንት ትግል ሲበጠስ ጫፉ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ መስሏል። ስፒናው ውስጥ አልገባ ያሉትን ክሮች ደግሞ «ትርፍ ናቸው» ብለው ቆራርጠው ጣሏቸው። ኤሌክትሪሺያን ይህን ካነበበ ያመዋል፤ መዳቡ በሳሳ ቁጥር ያ ሁሉ አምፔር ጫፉን ያግለዋል። ለማንኛውም እስከዚያ አልደረስንም። አንዷ ያመለጠች ክር ሌላኛው ሽቦ ላይ ተደግፋ ኖሮ፣ ምጣዱ እንደተሰካ ጧ! ኳስ ሲያዩ የነበሩት ተከራዮች ሁሉ እየተሳደቡ ወጡ።

አመሻሽ ላይ ኤሌክትሪሺያን ተጠራ። ልጁ ከቦርሳው የኬብል መቁረጫ አወጣ። ምላጮቹ ወደ ውስጥ የጎበጡ ናቸው፤ ኬብሉን ዙሪያውን አቅፈው ስለሚይዙት አይንሸራተትም፣ አይጨፈለቅም። ቅርጥፍ! ጫፉ ክብ፣ ክሮቹ ሁሉ በቦታቸው። እውነቱን ለመናገር እኔም ቀናሁ።

ጋሼ ግን ከመቅናት አለፉ። ልጁ ስፒናውን ሲያስር መቁረጫውን አንስተው ውልቅ። መሣሪያው ለመዳብና ለአሉሚኒየም የተሠራ ነው፣ ብረት ላይ አይሞከርም፤ ልጁ ይህን ሊናገር አፉን ሲከፍት ከደጅ ድምፁ መጣ። የልብስ ማስጫውን ሽቦ ቆርጠውታል። የሁላችንም አንሶላ ጭቃ ላይ፣ የመቁረጫው ስለት ሽርፍ።

ልጁ ምላጩን ወደ አምፖሉ አስጠግቶ አየውና የምጣዱን ሒሳብ ትቶ የመቁረጫውን ዋጋ መናገር ጀመረ። እትዬ አንሶላ ሰብስበው ሲገቡ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ መቀሳቸውን አዩት። ጋሼ «ማኅሌት አለብኝ» ብለው ነጠላቸውን እየለበሱ ወጡ። ማኅሌት ቆመው አያውቁም።