ዘፈኖቹን ከኮምፒውተር ወደ አባቴ ትንሽ ማጫወቻ ያሻገርኩበት መንገድ

ዘፈን ከኮምፒውተር ወደ ፍላሽ መገልበጥ ማንም የሚችለው ሥራ ነው። ኮፒ፣ ፔስት፣ አለቀ። መድረሻው ስልክ ከሆነ እውነትም ከዚህ በላይ የሚጠይቅ ነገር የለውም። ስልክ የዘፋኙን ስም ያነባል፣ አልበሙን ይለያል፣ ስትፈልጉም ፈልጎ ያመጣላችኋል። አባቴ ግን ስልክ ላይ ዘፈን አይሰማም። የሱ ወዳጅ ሬዲዮና ስፒከር በአንድ ላይ የሆነች፣ ፍላሽም ሚሞሪም የምትቀበል ትንሽ ማጫወቻ ናት። አትክልት ሲያጠጣ ይዟት ይወጣል፣ ማታ ራስጌው ያደርጋታል። ከላይዋ የቁጥር ቁልፎች አሏት። ስክሪኗ የምታሳየውም ቁጥር ብቻ ነው። ስም የለም፣ ዝርዝር የለም።

እኔ ደግሞ ኮምፒውተሬ ላይ ለዓመታት የተጠራቀመ ዘፈን አለኝ። ከካሴት የተገለበጠ፣ ከሲዲ የወጣ፣ ከሰው ፍላሽ የመጣ። ጥላሁን፣ ብዙነሽ፣ ካሳ ተሰማ፣ አስናቀች ወርቁ ከነክራሯ፣ የዓለሙ አጋ በገና። አባቴ የፈለገውን ዘፈን በፈለገው ሰዓት፣ እኔን ሳይጠራ፣ ራሱ እንዲያገኘው ነበር የፈለግኩት። ይህን ግብ ስይዝ መገልበጡ ከሥራው ሁሉ ትንሹ ሆነ።

መጀመሪያ ሚሞሪው። እንዲህ ያሉ ትንንሽ ማጫወቻዎች በአብዛኛው የሚያነቡት ፋት32 በሚባለው አሠራር ፎርማት የተደረገ ካርድ ነው። እስከ 32 ጊጋ ያለ ሚሞሪ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካው በዚሁ ተዘጋጅቶ ይመጣል። 64 ጊጋና ከዚያ በላይ ያለው ግን የሚመጣው ኤክስፋት በሚባል ሌላ አሠራር ነው። ካርዱን ትከታላችሁ፣ ማጫወቻው ዝም ይላል። ብዙ ሰው "ሚሞሪው ተበላሽቷል" ብሎ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። ካርዱ ጤነኛ ነው፤ ማጫወቻው ማንበብ ስላልቻለ ብቻ ነው። ሩፈስን በመሰለ ነፃ ፕሮግራም ትልቁንም ካርድ በፋት32 ፎርማት ማድረግ ይቻላል። እኔ ግን 32 ጊጋውን ገዝቼ ነገሩን አሳጠርኩት።

32 ጊጋ አነሰ የሚል ካለ ሒሳቡን እንየው። በሰከንድ በ192 ኪሎቢት የተቀዳ ኤምፒስሪ በደቂቃ 1.4 ሜጋ ገደማ ይይዛል። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን 7 ሜጋ ቢሆን ነው። ስለዚህ በ32 ጊጋ ውስጥ ከ4000 ያላነሰ ዘፈን ይገባል። ለአንድ ሰው ጆሮ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ከመንገድ ዳር በርካሽ የተገዛ ሚሞሪ ከሆነ ግን አንድ ነገር አትዝለሉ። ላዩ ላይ 64 የሚል፣ ውስጡ ግን ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ካርድ ገበያው ላይ አለ። ኮምፒውተሩ 64 ብሎ ያሳያችኋል፣ ዘፈኑም የተገለበጠ ይመስላል። ስትከፍቱት ግን ከተወሰነ ቦታ በኋላ ያለው ሁሉ ባዶ ነው። ኤችቱቴስትደብሊው የሚባል ትንሽ ነፃ ፕሮግራም አለ። ካርዱን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ያነብና እውነተኛውን መጠን ይነግራችኋል። ጊዜ ይወስዳል። ቢወስድም ሳትፈትሹ አትጫኑ።

ቀጥሎ የፋይሉ ዓይነት። ከሲዲ ያወጣኋቸውን ኮምፒውተሬ ላይ በፍላክ ነው ያስቀመጥኳቸው፤ ፍላክ ከድምፁ ምንም አይቀንስም። የአባቴ ማጫወቻ ግን ፍላክንም ሆነ ኤምፎርኤ የሚባለውን የፋይል ዓይነት አትከፍትም። ስለዚህ ፉባር2000 በሚባል ፕሮግራም የኤምፒስሪ ቅጂ አወጣሁላት፣ ዋናውንም አልነካሁትም። በ128 ኪሎቢት የመጣ ኤምፒስሪን ደግሞ "ጥራቱ ይጨምር" ብላችሁ ወደ 320 አትቀይሩት። ፋይሉ ይወፍራል እንጂ አንዴ የተጣለ ድምፅ አይመለስም። እንዳለ ይገልበጥ።

ከካሴት የመጡት ሌላ ጣጣ ነበራቸው። የአንድ ስድሳ ደቂቃ ካሴት አንዱ ገጽ 30 ደቂቃ ነው፣ ያ ሁሉ አንድ ፋይል ሆኖ ነው የተቀዳው። አባቴ አምስተኛውን ዘፈን ቢፈልግ አራቱን ቁጭ ብሎ መስማት አለበት። በድሮው ቴፕ ቢያንስ ወደፊት ማሽከርከር ነበር። ኤምፒስሪ ዳይሬክት ከት በሚባለው ፕሮግራም አንድ በአንድ ቆራረጥኳቸው። ፋይሉን እንደ አዲስ ሳይጨምቅ ስለሚቆርጥ ድምፁን አይጎዳም። በዘፈንና በዘፈን መካከል ያለው ጸጥታ የት እንደሆነ በዓይን ይታያል፣ እሱን ተከትሎ መሄድ ነው። ክራር ላይ ግን ተጠንቀቁ። መግቢያው ቀስ ብሎ ስለሚነሳ ጸጥታ ይመስላል፣ እሱ ከተቆረጠ ዘፈኑ አንገቱን አጣ ማለት ነው።

አሁን ብዙ ጊዜ ወደወሰደብኝ ነገር ልምጣ፤ ስም። ማጫወቻዋ ስም የማታሳይ ከሆነ ለምን ትደክማለህ ያለኝ ሰው አለ። እኔ ግን እዚህ ላይ አልደራደርም። ፍላሽ ለፍላሽ ሲተላለፉ የኖሩ ዘፈኖቻችን ብዙዎቹ ስማቸውን መንገድ ላይ ጥለው ነው የደረሱት። "ትራክ 01"፣ "የማይታወቅ ዘፋኝ"፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ዘፈኑን የጫነው ሙዚቃ ቤት ስልክ ቁጥር። ዘፋኙ ያን ሁሉ ለፍቶ ስሙ የጠፋበትን ፋይል እንደዚያው ለሌላ ሰው ማሳለፍ አልፈልግም።

ኤምፒስሪ ፋይል ውስጥ የዘፋኙ፣ የዘፈኑና የአልበሙ ስም የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ ታግ ይባላል። እኔ የምጠቀመው ኤምፒስሪታግ የሚባለውን ፕሮግራም ነው። በርካታ ዘፈኖችን አንድ ላይ መርጦ የዘፋኙን ስም በአንዴ ይሞላል፣ አማርኛም ያለችግር ይቀበላል። ችግሩ ያለው እኛ ጋ ነው። አንዱ ገሠሠ ይጽፋል፣ ሌላው ገሰሰ። መሐሙድ፣ ማህሙድ፣ ማሕሙድ፤ አህመድ፣ አሕመድ። ለአንባቢ ሁሉም አንድ ሰው ነው። ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ሌላ ዘፋኝ ነው፣ አንዱ ከአንዱ ርቆ ይደረደራል። የኔ መፍትሔ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ዘፋኝ አንድ አጻጻፍ መርጬ በአንድ ፋይል መዘገብኩ፣ አዲስ ዘፈን ሲመጣም ከዚያው ላይ ነው የምገለብጠው።

ከሲዲ የወጡትም አላረፉም። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ቡዳ ሙዚክ በሚባለው የፈረንሳይ ሙዚቃ አሳታሚ በኩል ባሳተመው ኢትዮጲክስ በተባለው የሲዲ ተከታታይ ላይ ስሞቹ የተጻፉት በፈረንሳይኛ መንገድ ነው፣ ፊደሎቹ ላይ ጭረት አለ። ሌሎች ሲዲዎች ደግሞ በእንግሊዝኛው መንገድ ይጽፋሉ። ያው ጥላሁን ሦስትና አራት ሰው ሆኖ ቁጭ ይላል። ሁሉንም ወደ አማርኛ መለስኳቸው።

የፋይሉን ስም ግን በአማርኛ አላደረግኩትም። ርካሽ ማጫወቻዎችና ብዙ የመኪና ቴፖች የግዕዝ ፊደል አያውቁም፤ ሳጥን ወይም የጥያቄ ምልክት ያሳያሉ። የወንድሜ መኪና ቴፕ እንዲያውም በአማርኛ የተሰየመን ፎልደር ጨርሶ ይዘለዋል። ስለዚህ ውስጡ ያለው ታግ አማርኛ፣ ላዩ ላይ ያለው የፋይል ስም ቁጥርና አጭር የላቲን ፊደል እንዲሆን ወሰንኩ። እንዲህ ሲሆን አንዱ ቅጂ ለሁሉም ይሠራል።

ከዚያ ቅደም ተከተል። የአባቴን ነገር የወሰነው ይህ ነው። ኮምፒውተር ፋይሎችን በስማቸው ደርድሮ ስለሚያሳያችሁ ማጫወቻውም እንደዚያው የሚያጫውት ይመስላችኋል። ብዙዎቹ ግን እንደዚያ አይሠሩም። ሚሞሪው ላይ ቀድሞ የተጻፈውን ነው ቀድመው የሚያጫውቱት። ስሙ 03 የሆነ ዘፈን መጨረሻ ላይ ከተገለበጠ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ካርዱን አጽድቼ፣ ፎልደሮቹን አንድ በአንድ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን እያልኩ ነው የገለበጥኩት። የተዘበራረቀ ካርድ ላላችሁ ለዊንዶውስ ድራይቭሶርት፣ ለሊኑክስ ፋትሶርት የሚባሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ እዚያው ካርዱ ላይ እንዳለ ይደረድሩላችኋል። ቁጥሩን ስትጽፉ ደግሞ ከፊት ዜሮ ጨምሩ፣ 001፣ 002 እያላችሁ። አለዚያ 10 ከ2 ቀድሞ ይሰለፋል።

አንዳንድ ማጫወቻ በየፎልደሩ ከ1 ይጀምራል፣ አንዳንዱ ካርዱን በሙሉ በአንድ ተከታታይ ቁጥር ይቆጥራል። የአባቴ ሁለተኛው ዓይነት ናት። ይህን ለማወቅ ጥቂት ዘፈን በሦስት ፎልደር ከፍሎ መሞከር ይበቃል። ካወቅኩ በኋላ ዝርዝሩን በትልልቅ ፊደል አተምኩለት። ከ1 ጀምሮ ጥላሁን፣ ቀጥሎ ብዙነሽ፣ ቀጥሎ ክራር። ወረቀቱን ያያል፣ ቁጥሩን ይጫናል፣ ዘፈኑ ይመጣል። መነጽር ባይኖረውም ብዙዎቹን አሁን በቃሉ ይዟቸዋል።

ወረቀቱ ግን አንድ ሕግ አስከተለ። መሀል ላይ አንድ ዘፈን ብጨምር ከሱ በታች ያለው ቁጥር በሙሉ ይፈርሳል። ስለዚህ አዲስ ዘፈን የማንም ቢሆን የሚገባው መጨረሻ ላይ ባለው "አዲስ" ፎልደር ውስጥ ብቻ ነው። ጥላሁን ከጥላሁን አጠገብ አለመሆኑ ያሳዝናል፤ ግን አባቴ 87ን ሲጫን የለመደው ዘፈን መምጣቱ ይበልጣል።

በገናውን ለብቻው ነው ያደረግኩት። ሁዳዴ ሲገባ አባቴ ዘፈን አይሰማም። በገናና ዘፈን አንድ ካርድ ላይ ቢሆኑ በገናው ሲያልቅ ማጫወቻዋ ሳትጠይቀው ወደ ዘፈኑ ትሻገራለች። አሁን ሚሞሪው የዘፈን ነው፣ ፍላሹ የበገና። ጾሙ ሲገባ አንዱን ይነቅላል፣ ሌላውን ይሰካል።

ድምፅን በተመለከተ አጭር ነገር። ከካሴት የመጣው ድምፁ ይደክማል፣ አዲሱ ደግሞ ይጮኻል። ማታ ራስጌው ላይ ያለ ማጫወቻ ድንገት ሲጮህ ደስ አይልም። ኤምፒስሪጌይን የሚባለው ፕሮግራም ሁሉንም ወደ ተቀራራቢ ደረጃ ያመጣቸዋል፣ እንደገና ሳይጨምቅ። ካርድ ላይ ከመገልበጣችሁ በፊት ብታደርጉት ነው የሚሻለው።

ማክ የምትጠቀሙ ደግሞ ከእያንዳንዱ ዘፈን ጋር የሚፈጠረውን ድብቅ ትንሽ ፋይል አጥፉት፤ ማጫወቻው እንደ ዘፈን ቆጥሮት ቁጥራችሁን በሙሉ ያበላሸዋል። የድሮ አይፖድ ያላችሁ ደግሞ ይህ ሁሉ አይመለከታችሁም። አይፖድ የሚያጫውተው በአይቲዩንስ፣ በአዲሶቹ ማኮች በፋይንደር ወይም እንዲህ ባለ ፕሮግራም በኩል የገባለትን ነው። ዝርዝሩን ራሱ ይይዛል፤ በእጅ የተገለበጠን ፋይል አያየውም።

ሳትዘነጉት፣ ካርዱን ከመንቀላችሁ በፊት "ኢጀክት" በሉ። ኮምፒውተሩ ጨርሻለሁ ብሎም መጻፉን ያልጨረሰበት ጊዜ አለ። ካርዱ ላይ ያለውን ሙሉ ቅጂ ደግሞ ኮምፒውተሬ ላይ በአንድ ፎልደር ይዤዋለሁ። ሚሞሪ ያለማስጠንቀቂያ ይሞታል፤ ቢሞት በዚያው ቅደም ተከተል መልሼ እጭነዋለሁ፣ ወረቀቱም አይቀየርም።

የዘፋኛቸውን ስም ያላገኘሁላቸው ዘፈኖች አሁንም አሉ። "ያልታወቁ" ብዬ ለብቻቸው አድርጌያቸዋለሁ። አባቴ አንዱን ሲያውቀው ይደውላል። "ልጄ፣ 212ን አወቅኩት" ይለኛል፣ ስሙን ይነግረኛል። ሌላ ቦታ አመሳክሬ ካረጋገጥኩ በኋላ ኮምፒውተሬ ላይ ታጉን እሞላለሁ። ሚሞሪው ላይ ያለውን ፋይል አልነካም፣ ስም መቀየር ብቻውን ቅደም ተከተሉን ሊያዛባው ይችላል። እሱ ጋ ያለው ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ይጨምርበታል።